ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ሩጫው ቢቋረጥም ውድድሩን ያላቋረጠ ጀግና

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። ባለድሉ የክብር ዘበኛ ወታደሩ አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ ከአባቱ ከአቶ ቢቂላ ደምሴና ከእናቱ ከወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ መንዲዳ አካባቢ በምትገኘው ጃቶ መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ፣ ገናም ሲጫወት ያደገው አበበ በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛን ተቀላቀለ። ችሎታው በስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ክትትል ዳበረ።

በሮም በውጭው ዓለም የሚያውቀው አልነበረም። የቀረቡለት ጫማዎች እግሩን ስላልተመቹት በባዶ እግሩ ተሰለፈ። በፋሽስት ወረራ ዘመን ተዘርፎ በዚያች ከተማ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ከሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ተለየ። ርቀቱንም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በመፈጸም በወቅቱ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ።

ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ቶኪዮ የተጓዘው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ብዙም ሳይቆይ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ከመጨረሻው መስመር እንዳለፈ በሜዳው ሣር ላይ የሰውነት ማፍታቻ ሲሠራ ተመልካቹ በአድናቆት አየው። በሩጫ ዘመኑ ከተሰለፈባቸው 16 ማራቶኖች 12ቱን አሸንፏል።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በእግር ጉዳት ውድድሩን ሲያቋርጥ፣ የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ድሉን ለኢትዮጵያ አስቀረ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን አበበ የሚያሽከረክራት መኪና ተገልብጣ ከባድ ጉዳት አደረሰችበት። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ቢታከምም ዳግም በእግሩ መሄድ አልቻለም።

ዓለም ያደነቃቸው እግሮች አልታዘዝ ሲሉት አበበ ወደ እጆቹ ተመለሰ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርንና የጠረጴዛ ቴኒስን ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎች ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በእንግድነት በተጋበዘበት በኖርዌይ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ በማያውቅ ምድር ተወልዶ ያደገው ማራቶን ሯጭ፣ መራመድ በተሳነው ጊዜ ያገኘው ይህ ድል ከሮምና ከቶኪዮ ድሎቹ ባልተናነሰ የጽናቱ ምስክር ነው።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም በታላቅ ሕዝባዊ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ። እርሱ በከፈተው ጎዳና ከማሞ ወልዴ ቀጥሎ ገዛኸኝ አበራ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ፣ ታምራት ቶላ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ የኦሊምፒክ ማራቶንን አሸንፈዋል። በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመው ስታዲየም ለተተኪው ትውልድ ስሙን ያስታውሳል፤ የጃቶው ልጅ ሙሉ ታሪክ ግን ሯጭነቱ ካበቃ በኋላ ያሳለፋቸውን ዓመታት ሳይጨምር የተሟላ አይሆንም።