የሠራተኛውን በሽታ ከሥራው ጋር ያስተሳሰሩት ሐኪም፤ ዶክተር አሊስ ሃሚልተን

በሥራ ላይ ሳለ ከመሰላል ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ ጉዳቱን ለማስረዳት ብዙም አይቸገርም። አደጋው የደረሰበት ሰዓትና ቦታ ይታወቃል፤ የዓይን ምስክርም አይጠፋም። ለዓመታት ከመርዛማ ነገር ጋር ሲሠራ ኖሮ ውሎ አድሮ የታመመ ሰው ግን ካሣ ሲጠይቅ ሕመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ለዚህ አስቸጋሪ ጥያቄ በጥናትና በማስረጃ መልስ ከሰጡ የዓለማችን ታዋቂ ሰዎች መካከል አሜሪካዊቷ ሐኪም ዶክተር አሊስ ሃሚልተን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ዶክተር አሊስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1869 በኒውዮርክ ከተማ ተወልደው በኢንዲያና ግዛት ፎርት ዌይን በተባለች ከተማ አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1893 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ከተመረቁ በኋላ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ጀርመን ሀገር ተጓዙ። በዚያን ጊዜ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን በመደበኛ ተማሪነት አይቀበሉም ነበርና በላይፕሲግና በሙኒክ ትምህርቱን የተከታተሉት እንደ አድማጭ በመሆን ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1897 ወደ ቺካጎ በማቅናት በሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። መኖሪያቸውንም ሀል ሀውስ በተባለው የበጎ አድራጎት ማዕከል አደረጉ። ማዕከሉ የሚገኘው ከአውሮፓ ፈልሰው የመጡ ድሆች በሚኖሩበት ሠፈር ውስጥ ስለነበር፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ገና በጉልምስና ዕድሜያቸው ሲሽመደመዱና ቤተሰቦቻቸው ያለ ጧሪ ሲቀሩ በቅርብ ለመመልከት ቻሉ።

እ.ኤ.አ. በ1908 የኢሊኖይ ግዛት የሥራ በሽታዎችን የሚያጠና ኮሚሽን ሲያቋቁም ዶክተር አሊስ አባል ሆነው ተመረጡ። ከሁለት ዓመት በኋላም በግዛቲቱ የተካሄደውን ጥናት በኃላፊነት መሩ። ዋናው ትኩረታቸው እርሳስ የተባለው ማዕድን ነበር። እርሳስ በቀለም፣ በባትሪና በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በስፋት የሚሠራበት ሲሆን፣ ብናኙና ጢሱ ወደ ሰውነት በገባ ጊዜ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስ፣ የእጅ መዛልና የአእምሮ ጉዳት ያስከትላል።

ጥናቱ ቀላል አልነበረም። አሠሪዎች በፋብሪካቸው የታመመ ሰው የለም ይሉ ነበር፤ ታመመ ቢባልም ጥፋቱን እጁን ሳይታጠብ በሚመገበው ሠራተኛ ላይ ያላክኩ ነበር። በመሆኑም ዶክተሯ በፋብሪካ ጉብኝት ብቻ ሳይወሰኑ የሆስፒታል መዛግብትን አገላበጡ፤ ሐኪሞችንና የመድኃኒት ባለሙያዎችን አነጋገሩ፤ የታመሙትንም በየቤታቸው እየሄዱ ጠየቁ። በዚህም ወቅት አንድ ትልቅ ጉድለት አስተዋሉ። የሆስፒታሎቹ መዛግብት በሽተኛው ትምባሆ የሚያጨስ፣ መጠጥና ቡና የሚያዘወትር መሆኑን በጥንቃቄ ሲያሰፍሩ፣ ምን ሥራ እንደሚሠራ ግን ብዙውን ጊዜ በግልጽ አይጽፉም ነበር። ሥራው ያልተመዘገበለት በሽተኛ ደግሞ የመብት ጥያቄው ገና ከመነሻው ማስረጃ ያጣል።

የነጭ እርሳስ ቀለም የሚያመርት አንድ ታላቅ ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት ኤድዋርድ ኮርኒሽ ሠራተኞቻቸው መመረዛቸውን ለማመን ባልፈለጉ ጊዜ፣ ዶክተር አሊስ ለሆስፒታል የበቁ 22 ሕሙማንን ማስረጃ አቀረቡላቸው። ኃላፊውም ማስረጃውን ተቀብለው የአየር ማስወጫ መሣሪያዎችን አስተከሉ፤ ሐኪሞችንም መደቡ። የኢሊኖይ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1911 ባወጣው ሕግ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከመርዛማ ነገሮች እንዲጠብቁና በየወሩ የሕክምና ምርመራ እንዲያስደርጉላቸው ግዴታ ጣለ።

ዶክተሯ በዚያው ዓመት በፌዴራል መንግሥቱ ልዩ አጥኚ ሆነው ጥናታቸውን ወደ ሌሎች ግዛቶች አስፋፉ። ይሁን እንጂ ወደ ፋብሪካ በግድ የመግባት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ በር ያስከፍቱ የነበረው በማግባባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ሆነው ቢቀጠሩም፣ በምረቃ ሥነ ሥርዓት ሰልፍ ላይ እንዳይገኙ ተከልክለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 እርሳስ ወደ ቤንዚን መጨመሩን አጥብቀው ቢቃወሙም ሰሚ አላገኙም። ዓለም እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ያቆመው ከ96 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

የካሣን ጉዳይ በተመለከተ፣ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሕጎች የሚሸፍኑት ድንገተኛ አደጋን ብቻ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1906 ባወጣችው ሕግ የእርሳስና የሜርኩሪ መመረዝን ጨምሮ ስድስት በሽታዎችን ካሣ የሚከፈልባቸው አድርጋለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1925 ባጸደቀው ስምምነት የእርሳስ መመረዝን፣ የሜርኩሪ መመረዝንና አባ ሰንጋን ከየሥራ ዓይነታቸው ጋር ዘርዝሯል። የዝርዝሩ ጥቅም፣ በተጠቀሰው ሥራ ላይ የተሰማራ ሠራተኛ በተጠቀሰው በሽታ ቢያዝ ሕመሙ ከሥራው እንደመጣ እንዲቆጠርለት ማድረጉ ነው።

ዶክተር አሊስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1970 በ101 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ሕጓን ያጸደቀችው ከዕለተ ሞታቸው ከሦስት ወራት በኋላ ነበር።

በሀገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከእርሱ በፊት እንደነበረው አዋጅ ቁጥር 377/96 ሁሉ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ አደጋ እኩል ይመለከታል። የበሽታዎቹ ዝርዝር በመመሪያ እንዲወጣ ያዛል፤ በዝርዝሩ ላይ ያለ በሽታ በሚመለከተው ሥራ ላይ በተሰማራ ሠራተኛ መታየቱንም በቂ ማስረጃ ያደርገዋል። የተጎዳው ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንሰውን እንዲያገኝ ይደነግጋል። አሠሪውም የሥራ አደጋንና በሽታን እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ይገደዳል። የመንግሥት ሠራተኞች መብት ደግሞ በሲቪል ሰርቪስና በጡረታ ሕጎች ይመራል።

አዋጁ በአካባቢው የሚከሰት ወረርሽኝና ነባር በሽታ፣ በሽታውን ለማጥፋት ከተሰማሩት በስተቀር፣ የሥራ በሽታ አይደለም ይላል። ይህ ድንበር ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። በወንጂ የስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ተጎድቷል። ውሃው የተፈጥሮ ነው፤ ሠራተኛውን ከውሃው ያገናኘው ግን ሥራው ነው።

ጉዳዩ ፋብሪካ የሌለባቸውን አካባቢዎችም ይመለከታል። ከአጅባርና ከመካነ ሰላም ደጋ የሚነሳ ወጣት በደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በጨርቃ ጨርቅ ወይም በቆዳ ፋብሪካ ሊቀጠር ይችላል። የወሎ ደጋ ሰው ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ሲወርድ የኖረ ሲሆን፣ በሰፋፊ እርሻዎች የሚረጨው ፀረ ተባይ መድኃኒትም ለጤና አደገኛ ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ታሞ ወደ ቀዬው ሲመለስ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ሥራው ግብርና ተብሎ ቢጻፍ፣ ቆላ ወርዶ የረጨው መድኃኒትም ሆነ ያሠራው ድርጅት ከመዝገብ ይጠፋል፤ በሕጉ የተሰጠው መብትም አብሮ ይጠፋል።

ስለሆነም የዶክተር አሊስ የሕይወት ታሪክ ለጤና ባለሙያው፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውና ለወረዳ አስተዳዳሪው የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ለታመመው ሠራተኛ የካሣ መንገድ የሚከፈተው ምን ሥራ ሠራህ፣ የት ሠራህ፣ ከምን ነገር ጋር ሠራህ ተብሎ ሲጠየቅና መልሱ በወቅቱ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው።