ልጅየው ዳርዊንና የቅጠል ቀዳዳዎች

ዳርዊን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን አባትየው ቻርለስ ነው። እኔ ግን ስለ ልጁ ስለ ፍራንሲስ ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1848 እንግሊዝ ተወለደ። ሕክምና ቢማርም የመረጠው የአባቱ የምርምር ረዳት መሆንን ነበር። በ1876 ሚስቱ በወለደች በቀናት ውስጥ ሞተችበት፤ ጨቅላውን ይዞ አባቱ ቤት ገባ። አብረው የሠሩት የዕፅዋት እንቅስቃሴ መጽሐፍ በ1880 ወጣ።

ከዚያ በኋላ ልቡን የሳቡት ስቶማታ ናቸው። ካልተከፈቱ ቅጠሉ ምግቡን አይሠራም፤ ካልተዘጉ ይደርቃል። በ1898 ስለ እነሱ ያጠናውን አሳተመ። በ1911 ደግሞ ከዶሮቲያ ፐርትዝ ጋር ፖሮሜትርን አስተዋወቀ፤ አየር በቅጠል ሲያልፍ ፍጥነቱን እየለካ የቀዳዳዎቹን መክፈት መዝጋት ያሳያል።

በ1925 ሲሞት ምስጢሩ ገና አልተፈታም ነበር። የፖታሲየም ድርሻ በደንብ የተረጋገጠው በ1960ዎቹ ነው፦ ፖታሲየም ዘብ ሕዋሳት ውስጥ ሲገባ ውሃ ይከተለዋል፣ ሕዋሳቱ ይነፋሉ፣ ቀዳዳው ይከፈታል፤ ሲወጣ ይዘጋል። ምክንያቱ ሳይገባው እንኳ መለካቱን አለመተው ነው እኔን የሚገርመኝ።