ከባዶ እግሩ በላይ፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ የሕይወት ታሪክ

ስለ አበበ ቢቂላ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይገኛል ብለን አናምንም። ነገር ግን የሰማነው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ያልቃል፤ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የመጣነውን ተማሪዎች ግን ይህ አነጋገር ሳይከነክነን አይቀርም። በጉና ውርጭ ላይ በባዶ እግሩ ከብት እየጠበቀ ያደገ ልጅ በአገራችን ሞልቷል። ባዶ እግር ብቻውን የሚያሸልም ቢሆን ኖሮ ወርቁ ሁሉ ከእኛ ደጋ ባላለፈ ነበር። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት ከመነሻው እስከ መድረሻው እንመልከት፤ ያሸነፈው በምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይገለጥልናል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፥ በደብረ ብርሃን አካባቢ፥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። እንደ ማንኛውም የባላገር ልጅ ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አደገ። በጎለመሰም ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ገባ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘው በዚያ ነው። ኒስካነን ሩጫን በሰዓት እየለካ፥ ረጅሙን ከአጭሩ እያፈራረቀ የሚያስተምር ሰው ነበር። አበበ ደግሞ የታዘዘውን ሳያጓድል የሚፈጽም፥ ንግግሩ ጥቂት፥ ትዕግሥቱ ብዙ የሆነ ወታደር ነበር። የሁለቱ መገናኘት ለኋላው ድል መሠረት ሆነ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ፥ የሮማ ኦሊምፒክ ማራቶን ተደረገ። ያገኘው ጫማ ለእግሩ አልተስማማውም፤ አስቀድሞም ያለ ጫማ ይለማመድ ስለ ነበር በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቈረጠ። ይህ እንግዲህ የታሰበበት ውሳኔ እንጂ የችግር ትርኢት አልነበረም። እስከ መጨረሻው ገደማ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሮጠ። ፋሺስቶች ዘርፈው ወስደው በሮማ ካቆሙት የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ግን ተስፈንጥሮ ወጣ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ በዘመኑ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ ውጤት አገኘ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ የአበበ እግር በ45 ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው።

ዝናው ግን ከመከራ አላዳነውም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መሪዎች መንግሥት ለመገልበጥ በሞከሩ ጊዜ፥ እጁ ባይኖርበትም ለምርመራ ጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታ። በዚያው ዓመት በአቴናና በኦሳካ አሸነፈ፤ በ1955 ዓ.ም. በቦስተን 5ኛ ወጣ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ አምስት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ የትርፍ አንጀት ሕመም ይዞት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙዎች አለቀለት ባሉበት ሰዓት፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማውን አጥልቆ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አንደኛ ሆነ። ሁለተኛው የደረሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ አበበ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ባዶ እግር የድሉ ምስጢር አለመሆኑም በዚህ ተረጋገጠ።

በሜክሲኮ፥ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ የታመመ እግሩ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ካደረሰው በኋላ እንቢ አለው። አቋርጦ ሲወጣ ድሉን ማሞ ወልዴ ተረከበ። በዚያው ቀን በዚያው ከተማ አሜሪካዊው ዲክ ፎስበሪ ጀርባውን ለአግዳሚው ሰጥቶ በመዝለል 2 ሜትር ከ24 ሳንቲሜትር ተሻገረና የከፍታ ዝላይን ጥበብ ለወጠ። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ ጉልበት ያለ ዕውቀት ሩቅ አይሄድም።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሻምበል አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ዳግመኛ አልቆሙም። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፥ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። እዚያ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተደረገ የመንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገኝ፥ የዚያ ዓመት የማራቶን አሸናፊ ፍራንክ ሾርተር ቀርቦ ጨበጠው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባም በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር በታላቅ ክብር ተቀበረ።

እንግዲህ እኛ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ምንድን ነው? ባዶ እግርን ማወደስ ድህነትን ማወደስ ነው፤ ድህነት ደግሞ ከሚያስሮጠው የሚያስቀረው ይበዛል። አበበን አበበ ያደረገው የሚያውቅ አሠልጣኝ፥ የማይቋረጥ ልምምድና የማይሰበር ልብ ነው። ልቡ በጋይንትም፥ በስማዳም፥ በእስቴም አለ፤ የሚጐድለው ሰዓት ይዞ ከዳገቱ ሥር የሚጠብቅ አስተማሪ ነው። ተመርቀን ወደ አገራችን ስንመለስ ይህን ጉድለት ለመሙላት እናስብ። እግሩ የማይሄድለት ልጅም ከጨዋታው ሜዳ እንዳይገለል፥ የአበበን የመጨረሻ አራት ዓመታት ከሮማው ሌሊት እኩል እናስታውስ።