ዶክተር ጆን ላንግደን ዳውንና ስማቸውን የያዘው ምርመራ

ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግራ ለእርግዝና ክትትል ባሕር ዳር የምትመጣ እናት ዳውን ሲንድረም ሲባል ብትሰማ፣ ቃሉ የአንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ስም መሆኑን ማን ይነግራታል?

ዶክተር ዳውን እ.ኤ.አ. በ1828 ዓ.ም. በኮርንዎል ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በአባታቸው ሱቅ ሠሩ፤ ቆይተውም ሕክምና ተማሩ። በ1858 የአእምሮ ዕድገታቸው ውሱን የሆነ ሰዎች የሚጠለሉበት የኧርልስውድ ተቋም ኃላፊ ሆኑ። የነዋሪዎቹን ራስ እየለኩ፣ ፎቶግራፋቸውን እያነሡ ቆይተው በ1866 ጥናታቸውን አሳተሙ።

የመልክ ምልክቶቹን አጥርተው ተመልክተዋል፤ አመዳደባቸው ግን ስሕተት ነበር። ሕሙማኑን በዘር ከፍለው ከፊሎቹን ሞንጎላዊ፣ ከፊሎቹን ኢትዮጵያዊ አሏቸው። ሆኖም ከዚያው የተነሡበት መደምደሚያ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዘር ነው የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሞንጎልን ስያሜ በ1965 ተወው።

በ1868 ከባለቤታቸው ከሜሪ ጋር ኖርማንስፊልድ የተባለውን መኖሪያና ማስተማሪያ ከፍተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1896 ድረስ መሩት። በ1905 የተወለደው የልጅ ልጃቸው ራሳቸው የገለጹት ሁኔታ ነበረበት።

መንሥኤው ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም መሆኑ የታወቀው በ1959 ነው። ዛሬ የእናቲቱ ደም ሲመረመር የሚገኘው ግምት ነው፤ የሚያረጋግጠው ከሽርት ውኃ ወይም ከእንግዴ ልጅ የሚወሰድ ናሙና ነው። መለኪያ ሁሉ የስሕተት ወሰን እንዳለው እኛ መሐንዲሶች እናውቃለን፤ እናቲቱም ይህን ከምርመራው በፊት ልታውቅ ይገባል። ምርመራው በጣና ዳር ሲስፋፋ ምክሩም፣ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤትም አብረው ይድረሱ።