ሰር ዊልያም ሃሚልተንና የጄት ጀልባ

በኒው ዚላንድ ደቡባዊ ደሴት ያሉት ወንዞች እጅግ ፈጣኖች ናቸው፤ ውሃቸው ግን በብዙ ስፍራ ጥልቀት የለውም። ተራ የሞተር ጀልባ ቢገባባቸው ውልብልቢቱ በድንጋይ ይሰበራል። ይህን ችግር ያቃለሉት ሰር ዊልያም ሃሚልተን ናቸው።

ሃሚልተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. በዚያው ደሴት ተወለዱ። በ1921 አይሪሽማን ክሪክ የተባለውን የበግ ርቢ ቦታ ገዙ፤ በኋላም በዚያው የብረት ሥራ ቤት አቋቋሙ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ውሃ በፓምፕ ስቦ ወደ ኋላ የሚተፋ ጀልባ መሥራት ጀመሩ። በመጀመሪያ ውሃው ከጀልባው ሆድ በታች ይወጣ ስለ ነበር ፍጥነቱ አላረካቸውም። አፈሙዙን ከውሃው ገጽ ጥቂት ከፍ ቢያደርጉት ግን ጀልባው ፈጠነ፤ ከሥሩም ድንጋይ የሚሰብረው ነገር አልቀረም።

በዚህ ጀልባ መሪው ሲዞር አቅጣጫውን የሚለውጠው የሚተፋው ውሃ ነው። ስለዚህ ነጂው ድንጋይ አይቶ በድንጋጤ ነዳጁን ቢቀንስ የውሃው ግፊት ይደክማል፤ መሪውም ይከዳዋል። ለማምለጥ መሪውን እያዞሩ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። ከጉዞም በፊት የነዳጁ ገመድ አለመላላቱን፥ መሪው ሲቃና አፈሙዙም መቃናቱን መመርመር ግድ ነው፤ በወንዝ መካከል የሚገኝ ጉድለት ሕይወት ያስከፍላልና።

በ1960 ጀልባዎቻቸው በአሜሪካ የኮሎራዶን ወንዝ በታላቁ ሸለቆ ውስጥ ሽቅብ ወጡ። ሃሚልተን በ1974 የሰርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ1978 ዐረፉ።

እኚህ ሰው ሌሎች የጀመሩትን አሻሽለው ለአገራቸው ወንዝ የሚስማማ መሣሪያ አበጁ። እኛም ተማሪዎች የተማርነውን በየአካባቢያችን ችግር ላይ ብንሞክረው ትምህርታችን ፍሬ ያፈራል።