ይድነቃቸው ተሰማ፦ የአፍሪካን ኳስ በር ለአፓርታይድ የዘጉት ኢትዮጵያዊ

የመጀመሪያው የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች የተካሄደው በሐምሌ ወር 1957 ዓ.ም በኮንጎ ብራዛቪል ነበር። በእግር ኳሱ ፍጻሜ አስተናጋጇ ኮንጎ ከማሊ ጋር ተጋጥማ ባዶ ለባዶ ተለያየች። አሸናፊን በመለያ ምት የመለየት ሥርዓት ገና አልተደነገገም ነበርና የማዕዘን ምቶች ተቆጠሩ፤ በርከት ያለ የማዕዘን ምት ያገኘችው ኮንጎም ወርቁን ወሰደች። ዛሬ ለሚሰማው ሰው ነገሩ እህሉን ትቶ ገለባውን በመመዘን ምርትን እንደ መለካት ሊመስለው ይችላል።

ወደ 30 የሚጠጉ አገሮች በታደሙበት በዚያ መድረክ አንዲት በስፖርት የገነነች አገር አልነበረችም፤ ደቡብ አፍሪካ። ዜጎቿን በቆዳ ቀለም ለይታ የምታጫውት አገር በአፍሪካ ሜዳ ላይ ቦታ እንዳይኖራት ከሁሉ ቀድመው ከቆሙት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

ይድነቃቸው የተወለዱት በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ በጅማ ከተማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔና በግጥም ችሎታቸው እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሣ፣ በ1900 ዓ.ም አካባቢ ወደ ጀርመን ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ቀደምት ኢትዮጵያዊ ናቸው። ልጃቸው ግን ግጥሙን ትተው ኳሱን መረጡ። በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ በ1928 ዓ.ም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተመሠረተ፤ ወጣቱ ይድነቃቸውም የዚህ ቡድን አጥቂ ሆኑ።

ቡድኑ ብዙም ሳይቆይ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፋሽስት ኢጣሊያ ስፖርቱንም በዘር ከፈለው፤ ጥቁሩ ከነጩ ጋር እንዳይጫወት ተከለከለ፤ ለአገሬው ተወላጅ የተለየ ውድድር ተዘጋጀለት። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም እንኳ ተነጥቆ በኢጣሊያኖች ስያሜ እንዲጠራ ተደረገ። ይድነቃቸው በጉርምስናቸው ያዩት ይህን ነው። በኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ስለ ዘር መድልዎ ሲከራከሩ በንባብ ስላወቁት ነገር ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ሜዳ ስለ ደረሰባቸው ነገር መናገራቸው ነበር። ጽናታቸውንም ያለዚህ ዘመን ማስረዳት የሚቻል አይመስለንም።

ከነጻነት በኋላ በርካታ ሥራዎችን ደርበው ያዙ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመታት ተሰለፉ፤ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩም ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድን ተጫወቱ፤ የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ፤ የአገሪቱ ስፖርት በፌዴሬሽን እንዲደራጅ ደከሙ። ኳስ በሰፈር ልጆች ፍላጎት ብቻ ይካሄድ በነበረበት አገር ደንብ፣ ዳኛና መዝገብ ያለው ውድድር እንዲኖር ካደረጉት ግንባር ቀደሞች ናቸው።

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም በካርቱም የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ከተማ ሊካሄድ ተቀጠረ። የደቡብ አፍሪካው ፌዴሬሽን ግን ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንደሚልክ አስታወቀ፤ ቅይጥ ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ አልሆነም። ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን አልተቀበሉም። አገሮቹ አራት ብቻ ናቸው፤ አንዷን ማስወጣት ማለት ገና የተወለደውን ማኅበር ሩብ መቁረጥ ነው። እነርሱም ይህን እያወቁ ቆረጡት። ውድድሩ በሦስት አገሮች ተካሄደ፤ ያለ ተጋጣሚ ለፍጻሜ የደረሰችው ኢትዮጵያ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የዚያ ሽንፈት ካሳ ከአምስት ዓመት በኋላ መጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ስታዲየም ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ኢትዮጵያ በወቅቱ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረበች። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ነበሩ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ግርማ ተክሌና አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉና ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያነሣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የይድነቃቸው ዋና ሜዳ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ፊፋ ለ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ለመላው አፍሪካ አንድ የተረጋገጠ ቦታ እንኳ ሳይሰጥ፣ የአፍሪካው አሸናፊ ከእስያና ከኦሽንያ አሸናፊ ጋር እንዲጋጠም ወሰነ። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ። በቀጣዩ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ላይ ተሰለፈች። የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ግን የበለጠ ረጅም መንገድ ነበረው። ፊፋ አገሪቱን አገደ፤ በእንግሊዛዊው ፕሬዚዳንት በሰር ስታንሊ ራውስ ዘመን እገዳውን አነሣ፤ ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ድምፅ ሲበዛ በ1957 ዓ.ም በቶኪዮ ጉባኤ መልሶ አገደ። በ1966 ዓ.ም ራውስ በብራዚላዊው ጆአዎ ሃቬላንጅ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ሚዛኑን ደፍቷል። ያን ጊዜ ኮንፌዴሬሽኑን ይመሩ የነበሩት ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ ፕሬዚዳንት የሆኑት ይድነቃቸው ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ የተባረረችው በሐምሌ 1968 ዓ.ም ነው።

የአፍሪካ ጨዋታዎች ታሪክም ከዚሁ ትግል ጋር የተጠላለፈ ነው። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ በ1921 ዓ.ም በእስክንድርያ ሊካሄድ የታሰበው የመጀመሪያ ሙከራ በቅኝ ገዢዎች ተቃውሞ ከሽፏል። በ1952 ዓ.ም በማዳጋስካር፣ ቀጥሎም በአቢጃንና በዳካር የተካሄዱት የወዳጅነት ጨዋታዎች ናቸው ለብራዛቪል መንገድ የጠረጉት። ከብራዛቪል በኋላም ጉዞው ቀና አልነበረም። ባማኮ ላይ ሊካሄድ የነበረው በማሊ መፈንቅለ መንግሥት ምክንያት ቀረና እስከ ጥር 1965 ዓ.ም የሌጎስ ጨዋታዎች ድረስ ተጠበቀ። በዚያ ናይጄሪያ ጊኒን 2 ለ 0 አሸንፋ የእግር ኳሱን ወርቅ ወሰደች። በሐምሌ 1970 ዓ.ም በአልጀርስ ደግሞ የግብፅና የሊቢያ ጨዋታ ወደ ድብድብ ተለወጠና ግብፅ መላ ልዑካኗን ይዛ ወጣች፤ ወርቁን አልጄሪያ ናይጄሪያን 1 ለ 0 በመርታት ወሰደች። በእርግጥ የጨዋታዎቹ እግር ኳስ እንደ አፍሪካ ዋንጫ ገኖ አያውቅም። ሁለት አህጉራዊ ውድድር በአንድ ስፖርት ሲኖር አንዱ በሌላው ጥላ ሥር መውደቁ አይቀርምና።

የአንድነቱ ዋጋ ቀላል አልነበረም። በ1968 ዓ.ም የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወጡ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች፤ ምሩፅ ይፍጠር በብቃቱ ጫፍ ሳለ ሳይሮጥ ተመለሰ። ይድነቃቸው በወቅቱ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ምሩፅ አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ ሁለት ወርቅ አመጣ፤ ያ ዕድል ዳግመኛ ያልመጣላቸው አፍሪካውያን አትሌቶች ግን ብዙ ናቸው።

ይድነቃቸው ሁሉንም ክርክር አላሸነፉም። የአልኮልና የትምባሆ ማስታወቂያ በአፍሪካ ኳስ ላይ እንዳይለጠፍ ታገሉ፤ የአህጉሩ ምርጥ ተጫዋቾች በገንዘብ ወደ አውሮፓ መጉረፋቸውንም አጥብቀው ተቃወሙ። በሁለተኛው ጊዜው አልፏቸዋል፤ ዛሬ የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች የጀርባ አጥንት አውሮፓ የሚጫወቱት ናቸው። የአህጉሩን ኳስ እያቀኑ ሳለ የአገራቸው ኳስ ወደ ኋላ መቅረቱም የሚያስቆጭ እውነት ነው።

አራተኛው ጨዋታዎች በናይሮቢ ሲካሄድ ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም ተይዘው ነበር። በእግር ኳሱ ፍጻሜ ግብፅ አስተናጋጇን ኬንያን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ጨዋታዎቹም ነሐሴ 6 ቀን 1979 ዓ.ም ተዘጉ። ከሰባት ቀን በኋላ፣ በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት እንደሆኑ በ65 ዓመታቸው አረፉ።

በቀጣዩ የካይሮ ጨዋታዎች እግር ኳሱ ከ23 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች ተወሰነ። ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን ስትጥል በ1984 ዓ.ም ወደ አፍሪካ ኳስ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫን በአገሯ አስተናግዳ አሸነፈች። ኢትዮጵያም ከ31 ዓመታት በኋላ ወደዚህ ዋንጫ የተመለሰችው እዚያው ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው፤ በኔልስፕሩይት ከተማ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የተለያየችበት የመጀመሪያ ጨዋታዋም ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ዋለ።