የመዓዲው የፀሐይ ሞተርና መሐንዲሱ ፍራንክ ሹማን

ከካይሮ በስተደቡብ፣ በዓባይ ዳርቻ፣ መዓዲ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1913 በዚህች ሥፍራ ከሰል የማይበላ ሞተር የዓባይን ውኃ እየሳበ ወደ ጥጥ ማሳ ሲያፈስ ታየ። ሞተሩን የሠራው አሜሪካዊው ፍራንክ ሹማን ነበር።

ሹማን በ1862 በኒውዮርክ ብሩክሊን ተወለደ። ስሙ አስቀድሞ የተጠራው በመስታወት ሥራ ነው፤ በ1892 ውስጡ የሽቦ መረብ ያለበትን መስታወት የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚህ ያገኘው ሀብት በፊላደልፊያ ታኮኒ ለጀመረው የፀሐይ ሙከራ ስንቅ ሆነው። በ1907 በዚያው ሥፍራ አንዲት ትንሽ ሞተር በፀሐይ ሙቀት ብቻ አንቀሳቀሰ።

የፀሐይን ሙቀት መያዝ ከሹማን በፊትም የተቻለ ነገር ነው። የቸገረው ዋጋው ነበር። የከሰል ሞተር የገዛ ሰው የነዳጁን ሒሳብ ቀስ በቀስ ይከፍላል፤ የፀሐይ ሞተር የገዛ ግን የብዙ ዓመት ነዳጁን በአንድ ቀን እንደገዛ ይቆጠራል። ይህ ስሌት ዛሬም ኢንዱስትሪውን አልለቀቀውም። ስለዚህም ሹማን ለመሥራትም ለመጠገንም የማያስቸግር ርካሽ መሣሪያ ፈለገ፤ ከሰል ከባሕር ማዶ ተጭኖ ወደሚመጣባት፣ ፀሐይ ወደማይጠፋባት ግብፅም አመራ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከእንግሊዝ ባለሀብቶች ተገኘ። እነርሱ ያማከሩት የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ቬርነን ቦይስ ንድፉን አስለወጠው፤ መስታወቶቹ እንደ ገንዳ ጎብጠው ብርሃኑን በመካከላቸው በተዘረጋው ቦይለር ላይ እንዲሰበስቡ ተደረገ።

እያንዳንዳቸው 62 ሜትር ያህል የሚረዝሙ አምስት ገንዳዎች በመዓዲ ተተከሉ፤ ፀሐይን እየተከተሉም ይዞሩ ነበር። ይሁንና በ1912 ሲሞከሩ ከዚንክ የተሠሩት ቦይለሮች ሙቀቱን መሸከም ተስኗቸው ቀለጡ። ለርካሽነት ሲባል የተመረጠው ብረት አንድ ዓመት አስከፈለ። በጠንካራ ብረት ከተተኩ በኋላ ግን ሞተሩ በደቂቃ 22,000 ሊትር ያህል ውኃ መሳብ ቻለ።

ተስፋው ከዚያ ወዲያ ሰፋ። በግብፅ የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ የነበረው ሎርድ ኪችነር በሱዳን 30,000 ኤከር የጥጥ መሬት ሊሰጠው ቃል ገባ፤ የጀርመን ምክር ቤትም ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቱ 200,000 ዶላር መደበ። በ1914 ጦርነት ተነሣ። መሐንዲሶቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ የመዓዲው መሣሪያም ተነቃቅሎ ብረቱ ለጦርነቱ ዋለ። ሹማን በ1918 ጦርነቱ ሳያበቃ አረፈ። ከጦርነቱ በኋላ ርካሽ የነዳጅ ዘይት በመስፋፋቱ ሥራውን የሚያነሣ አልተገኘም።

የመዓዲው ሞተር ሥራ በጀመረ በ100 ዓመቱ፣ በ2013፣ በአቡዳቢ በረሃ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሻምስ 1 ጣቢያ ተመረቀ። መስታወቶቹ እንደ ሹማን ገንዳዎች የጎበጡ፣ ፀሐይንም እየተከተሉ የሚዞሩ ናቸው።